መዝገብ ላይ የሰፈረው የላቦራቶሪ ውጤታችን የት ይደርሳል?

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጉዳይ ከአንዲት ተማሪ ጥያቄ የተነሣ ነው። በሀብሩ ወረዳ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፀረ ኤድስ ክበብ አባላት ጋር ስለ ኤች አይ ቪ ምርመራ ስንወያይ ቆይተን ልንበተን ስንል፣ ከኋላ የተቀመጠች የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች።

“ሲስተር፣ መመርመሩን አልጠላሁትም። የሚያስፈራኝ መዝገቡ ነው። ስሜ እዚያ ላይ ከሰፈረ በኋላ ማን ማን ያየዋል? ለጥናት እየተባለም ይወሰዳል ሲሉ ሰምቻለሁ” አለችኝ።

(ሲስተር እንዳልሆንኩ፣ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ እንደሆነና ሥራዬም ማኅበራዊ አገልግሎት እንደሆነ ስንት ጊዜ ነገርኳቸው! ነጭ ጋዎን ሳልለብስም ሲስተር ነኝ።)

ጓደኞቿ ሳቁ። እኔም “አብሽሪ፣ ማንም አያየውም” ብዬ ላልፈው እችል ነበር። ይሁን እንጂ እንደዚያ ብል መዋሸቴ ነው። የሰማችው ነገር ግማሹ እውነት ነውና። በየጤና ተቋሙ ላቦራቶሪ የሚመዘገበው ውጤት ለምርምር ይውላል፤ ሲውልም ኖሯል። ስለ ኤች አይ ቪ በአገራችን ለብዙ ዓመታት ስንሰማው የኖርነው ቁጥር ራሱ በአብዛኛው የመጣው ለሌላ ምርመራ ከተወሰደ ደም ነበር። ያን ቀን ደወሉ ስለተደወለብን በቅጡ አልመለስኩላትም። እነሆ አሁን ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

መዝገቡ ምን ይዟል?

ትኩሳት ይዟችሁ መርሳ ወይም ወልድያ ካለ ጤና ተቋም ሄዳችሁ እንበል። ያያችሁ ባለሙያ ወረቀት ጽፎ ወደ ላቦራቶሪ ይልካችኋል። ጣታችሁ ይወጋል፤ ጠብታዋ ደም ስላይድ ላይ ትቀባለች፤ የላቦራቶሪ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ያየውን ይጽፋል። ይህ ጽሑፍ ሁለት ቦታ ይሰፍራል። አንደኛው እናንተ ይዛችሁት በምትመለሱት ወረቀት ላይ ነው። ሁለተኛው እዚያው በሚቀረው ትልቅ መዝገብ ላይ ነው። በመዝገቡ ላይ አንዲት መስመር የእናንተ ናት፦ ቀን፣ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ የታዘዘው ምርመራ፣ ውጤት። የኤች አይ ቪ ምርመራ በምክር አገልግሎት ክፍል ሲሰጥ የራሱ መዝገብ አለው፤ አሠራሩ ግን ከዚህ ብዙም አይለይም።

መድኃኒታችሁን ወስዳችሁ ስትድኑ ያቺ መስመር ለእናንተ ሥራዋን ጨርሳለች። መዝገቡ ግን አይጣልም። በየወሩ ስንት ሰው እንደተመረመረና ስንቱ ላይ በሽታው እንደተገኘ ተደምሮ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ ጤና ሚኒስቴር ይላካል። በዚህ ድምር ውስጥ ስም የለም። ተመራማሪ የሚመጣው ከዚህ ዘርዘር ያለ ነገር ሲፈልግ ነው። የትኛው ወር? የትኛው የዕድሜ ክልል? ወንድ ይበዛል ወይስ ሴት? ይህን ለማወቅ ወደ መስመሮቹ መመለስ የግድ ይሆንበታል።

አንድ ምሳሌ ከክልላችን ልስጣችሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በጎንደር በኩል ቆላ ድባ የምትባል ከተማ አለች። ተመራማሪዎች በዚያ ጤና ጣቢያ ከ2002 እስከ 2011 የተመዘገቡትን የወባ ምርመራዎች አገላብጠው ጥናታቸውን በ2012 አሳተሙ። በ10 ዓመት ውስጥ 59,208 የደም ናሙናዎች ተመርምረው በ23,473ቱ፣ ማለትም ከመቶ 40 በሚጠጉት ላይ ወባ ተገኝቷል። ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛው ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳይ ዓይነት ሲሆን፣ ይበልጥ የተጠቁት ደግሞ ከ15 እስከ 44 ዓመት ያሉና ወንዶች ነበሩ። ልብ በሉ! ለዚህ ጥናት ሲባል አንድም ጣት አልተወጋም። ሁሉም ለራሱ ጤና ብሎ የሰጠው ደም ነው። አጎበር መቼና ለማን መድረስ እንዳለበት የሚያቅድ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ያገኛል?

ወባ ግን ማንንም አያሳፍርም። “ወባ ያዘኝ” ብሎ ገበያ መሐል የሚናገር ሰው ሞልቷል። ነገሩ የሚከብደው ወደ ኤች አይ ቪ ስንመጣ ነው።

የተረፈው ደም

የኤች አይ ቪ የደም ምርመራ ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ1985 ነው። ታዲያ በኢትዮጵያ ቫይረሱ በ1984 እንደነበር እንዴት ታወቀ? ቀደም ሲል ተወስዶ ተቀምጦ የነበረ የደም ናሙና በኋላ ወጥቶ ስለተመረመረ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን የታወቁት ደግሞ በ1986 ነው። እንግዲህ ሕሙማኑ ሳይታዩ ደሙ ይዞት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው “ስንት ሰው ተይዟል?” የሚል ሆነ። ያን ጊዜ ቤት ለቤት ዞሮ ሕዝቡን መመርመር የሚታሰብ አልነበረም። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ስላልነበረ ብዙ ሰው ውጤቱን ማወቅም አይፈልግም። ስለዚህ ከ1989 ጀምሮ የተመረጠው መንገድ ነፍሰ ጡር እናቶች ናቸው። አንዲት እናት ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ ለቂጥኝ ምርመራ ደም ትሰጣለች። የቂጥኝ ውጤቷ ተነግሯት፣ ካለባትም ሕክምናዋን ታገኛለች። ከብልቃጡ የተረፈችው ትንሽ ደም በፊት ትደፋ ነበር። አሁን ግን ከመደፋቷ በፊት ስምና የካርድ ቁጥሩ እንዲጠፋ ተደርጎ፣ ዕድሜንና መሰል ጥቂት መረጃዎችን ብቻ ይዛ በአዲስ መለያ ቁጥር ለኤች አይ ቪ ትመረመራለች። ደሟ የማን እንደሆነ መርማሪው ቢፈልግ እንኳ ሊያውቅ አይችልም። ተመልሶ የሚያገናኝ ክር የለማ!

በዚህ ዓይነት የየክትትል ጣቢያው ቁጥር እየተሰበሰበ ለአገሪቱ ግምት ይሠራ ነበር። ወረርሽኙ ከተማ ውስጥ ምን ያህል እንደተስፋፋ መንግሥትም ሕዝቡም የተረዳው በአብዛኛው ከዚህ ነው። እነዚያ እናቶች ሳያውቁት ለአገር ትልቅ ነገር አበርክተዋል።

ቁጥሩ ግን ሙሉ እውነት አልነበረም። በ2005 ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ወጡ። ከነፍሰ ጡር እናቶች ክትትል በተነሣው ስሌት በአገሪቱ በአዋቂዎች መካከል ያለው የቫይረሱ ሥርጭት 3.5 በመቶ ተባለ። በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ደግሞ ከየቤቱ ፈቃደኞችን መርምሮ 1.4 በመቶ አለ። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው! ብዙዎች ግራ ተጋቡ። በኋላ ሁለቱም መረጃዎች አንድ ላይ ታይተው የ2007 ግምት 2.1 በመቶ ሆነ።

የተሳሳተ ምርመራ ተደርጎ ነው? አይደለም። ጥያቄው ጤና ጣቢያ የሚመጣው ማነው የሚል ነው። በዚያ ዘመን በሠለጠነ ባለሙያ የእርግዝና ክትትል የሚያገኙት እናቶች ከመቶ 28 ብቻ ነበሩ። እነሱም በብዛት ከተማና መንገድ ዳር ያሉት ናቸው። ቫይረሱ ደግሞ ከገጠር ይልቅ ከተማና መንገድ ዳር ይበዛል። ከዚህም ሌላ ነፍሰ ጡር ማለት ያለ ኮንዶም ግንኙነት ያደረገች ሴት ማለት ናት፤ ልጅ፣ ወንድ፣ መነኩሴ ይህ ቁጥር ውስጥ የለም። የቤት ለቤቱም ዳሰሳ ቢሆን ቤቱ ያልተገኘውንና አልመረመርም ያለውን ሰው አያውቀውም። የሶሲዮሎጂ መምህሮቻችን ስለ ናሙና አመራረጥ ሲነግሩን እያዛጋን እንሰማ ነበር፤ እኔ የገባኝ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያየሁ ዕለት ነው።

ስሟን ካጠፋነው ለማን እንነግራለን?

አሁን ከባዱ ጥያቄ መጣ። የእናቲቱ ደም ተመርምሮ ቫይረሱ ተገኘበት። ስሟ ግን ጠፍቷል። ስለዚህ እሷ ሳታውቅ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ይህ ተገቢ ነው?

መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ ብዙዎች “ምስጢሯ ተጠብቋል፤ ብታውቅም የሚደረግላት የለም” ይሉ ነበር። በ1994 ግን ኤዜቲ የተባለው መድኃኒት ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፉን ዕድል በሁለት ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ ታወቀ። አሜሪካ ከ1988 ጀምሮ ከአራስ ሕፃናት ተረከዝ ተወስዶ የተረፈን ደም እንዲሁ ስም እያጠፋች ትመረምር ነበር፤ በ1995 ይህንኑ አቆመች። ልጅን ማዳን እየተቻለ ዝም ማለት ከበደ ማለት ነው።

በእኛም አገር መድኃኒቱና ምርመራው ወደ እናቶች ክትትል ክፍል ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ ለእርግዝና ክትትል የምትመጣ እናት የኤች አይ ቪ ምርመራ ይቀርብላታል፤ አልፈልግም ማለት ትችላለች፤ ከተመረመረች ውጤቱ ለራሷ ይነገራታል፤ ቫይረሱ ከተገኘባትም ሕክምና ትጀምራለች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ባወጣው መመሪያ አገሮች የተረፈ ደምን በስውር ከመመርመር ወጥተው ይህንኑ የመደበኛ አገልግሎት መረጃ ለክትትል እንዲጠቀሙበት መክሯል። የድሮውና የአሁኑ ልዩነት እዚህ ላይ ነው፦ ዛሬ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ራሷ እናቲቱ ናት፤ ጥናቱ ከእሷ በኋላ ይመጣል። እኔ በበኩሌ ቅደም ተከተሉ መሆን ያለበት እንዲህ ይመስለኛል።

እኔ ያየሁት ስም

እስካሁን የነገርኳችሁ አሠራሩ ሲሠራ ነው። ሳይሠራ ያየሁትንም ልንገራችሁ።

የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ ከአንድ ጤና ተቋም መዝገብ የዕድሜና የጾታ መረጃ ያስፈልገኝ ነበር። የትኛው ተቋም እንደሆነ አልናገርም። የትብብር ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰው ደብዳቤዬን እንኳ በወጉ ሳያነብ መዝገቡን ከነስሙ አውጥቶ አስረከበኝና “ስትጨርሺ መልሺ” ብሎኝ ወጣ። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ገልበጥ ገልበጥ እያደረግኩ ስጽፍ፣ አንድ ገጽ ላይ የማውቀው ስም ከነአባት ስሙ ድቅን አለብኝ። የሰፈራችን ሴት ናት። ዓይኔ ሳልፈልገው ወደ ውጤቱ ሄደ።

ወዲያው መዝገቡን ዘጋሁ። ግን አንዴ ያዩት ነገር አይመለስም። ከጥቂት ወራት በኋላ ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ቡና እየቀዳች ስትዞር እኔ ጋ ደርሳ “ስኳር ላድርግልሽ?” አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። እሷ አንዳች የበደለችኝ ነገር የለም፤ እኔ ነኝ የማይገባኝን ያወቅሁባት። ለማንም አልተናገርኩም። ነገር ግን ምስጢሯ የተጠበቀው እኔ ዝም ስላልኩ ብቻ ነበር። በእኔ ቦታ ወሬ የሚወድ ሰው ቢቀመጥስ?

መሆን የነበረበት ቀላል ነው። የተቋሙ ሠራተኛ ራሱ የሚያስፈልጉኝን ዓምዶች ብቻ፣ ማለትም ዕድሜ፣ ጾታ፣ ወርና ውጤት ገልብጦ ይሰጠኛል። ስምና የካርድ ቁጥር ከክፍሉ አይወጡም። ከዚያ በፊት ደግሞ ጥናቱን የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ አይቶት መፍቀድ ነበረበት። ኮሚቴው ምን ይጠይቃል? ይህን መረጃ ለምን ፈለግሽው? ከሚያስፈልግሽ በላይ አልወሰድሽም ወይ? የት ታስቀምጪዋለሽ? ማን ያየዋል? ያለፉ ዓመታት መዝገብ ሲሆን እያንዳንዱን ሰው ፈልጎ ማስፈቀድ አይቻልም። ስለዚህ ጥናቱ በሰዎቹ ላይ አደጋ የማያስከትል ከሆነና ማንነታቸው ከተሸፈነ ኮሚቴው ያለ የግል ፈቃዳቸው መረጃው እንዲታይ ሊፈቅድ ይችላል። ይህ ግን የኮሚቴው ሥልጣን ነው፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ወይም የተማሪዋ አይደለም። አሁን ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ።

ስም ማጥፋት ብቻውንም እንደማይበቃ እወቁ። እንደኛ ባለ አካባቢ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ከሀብሩ ቀበሌዎች የአንዱ ስም ተጽፎ አጠገቡ “ሴት፣ ዕድሜ 26፣ መምህርት” ቢል ስም መጻፍ ምን ያደርጋል? እዚያ ቀበሌ የ26 ዓመት መምህርት አንድ ብቻ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ዕድሜን “ከ25 እስከ 29” እያለ ይጠቀልላል፤ ቀበሌውን ትቶ ወረዳውን ብቻ ይጽፋል፤ አስፈላጊ ካልሆነም ሥራውን አይጠቅስም። አዲስ አበባ ላይ ማንንም የማይጠቁም ነገር መርሳ ላይ ሰው ሊያስለይ ይችላል።

ባዶዎቹ መስመሮች

ሌላው መዝገብ አንባቢን የሚያስተው ነገር በመዝገቡ ላይ የሌለው ነው። ዕድሜ መጻፍ ያለበት ቦታ ላይ “አዋቂ” ተብሎ የተጻፈበት መስመር አይቻለሁ። 18 ይሁን 60 ማን ይወቅ? ያ መስመር ለሕክምናው በቅቶ ይሆናል፤ ለጥናት ግን የሞተ ነው። አንዳንድ ወር ደግሞ ሪኤጀንት ያልቃል። በዚያ ወር ምርመራ ስላልተደረገ በሽታው የተገኘበት ሰው ዜሮ ይሆናል። ነገሩን የማያውቅ ተመራማሪ “በዚህ ወር በሽታው ጠፋ” ብሎ ሊጽፍ ነው! አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቢመረመርም ሦስት መስመር ይይዛል። መዝገቡ የሚቆጥረው ምርመራን እንጂ ሰውን አይደለምና።

በእኛ ዞን ደግሞ ከሁሉ የሚከፋ ባዶ ቦታ አለ። በጦርነቱ ወቅት፣ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ ምን እንዳሳለፉ እናንተም ታውቁታላችሁ። በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ተጎዱ። ከእንግዲህ ዓመታት ቆይቶ የእነዚያን ወራት ቁጥር የሚያይ ሰው መስመሩ ድንገት ቢወርድ ወይም ቢጠፋ ሕዝቡ ጤነኛ ነበር ብሎ እንዳያስብ እፈራለሁ። ያን ጊዜ ማን መድኃኒቱን አቋረጠ፣ ማን ሳይመረመር ወለደ፣ እነዚህ ሰዎች መዝገብ ላይ የሉም። ያ ጊዜ የሚገኘው ቁጭ ብሎ ሰው በመጠየቅ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን መዝገብ ላይ የማትገኙት እናንተ ናችሁ፤ በተለይ እናንተ ወንዶቹ። እርጉዝ ሴት ለክትትል ትሄዳለች፤ ሕፃን ለክትባት ይሄዳል፤ የ17 ዓመት ጎረምሳ እግሩ ካልተሰበረ ጤና ጣቢያ ምን ያደርጋል? ከሀብሩ ተነሥተው በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ የሚያቀኑ ወጣቶችም እዚህ ሳይመረመሩ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱም እንዲሁ። ስለ ወጣቱ የሚወጣው ዕቅድ ስለማይታይ ሰው የሚወጣ ዕቅድ ሆኖ ይቀራል።

ልጅቷን ያገኘኋት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከላይ ያለውን ሁሉ፣ ስለ ለቅሶ ቤቱ ጭምር፣ ነገርኳት። ብደብቃት ኖሮ ምክሬን ማመኗን እጠራጠራለሁ። በአገራችን መመሪያ 15 ዓመት የሞላው ሰው በራሱ ፈቃድ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ እንደሚችልም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰምታ ስታበቃ፣ “እኔ ራሴ መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ ብጠይቃቸው ይቆጡኛል?” አለችኝ። ቢቆጡም ጠይቂ አልኳት። ክፍሉ ይቆለፋል ወይ? መዝገቡን ከባለሙያው ሌላ ማን ይነካዋል? ለጥናት ሲሰጥ ስሜ ይወጣል ወይ? እነዚህን ለመጠየቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

አብረን ሄድን። እሷ ከምክር አገልግሎቱ ክፍል ስትገባ እኔ ውጭ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኋት። ስትወጣ “የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚቆለፈው፤ ቁልፉን አሳይተውኛል” አለችኝ። ስለ ውጤቷ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም።